አምባር ያዥዋ

ትርንጎ ሰባት ጊዜ አራስ ሆናለች፤ አንድም ጊዜ ግን አልወለደችም። ይህን የሰማ ሰው ቢስቅ አይፈረድበትም፤ እሷም ብቻዋን ስትሆን አንዳንዴ ትስቅበት ነበር። ኮምቦልቻ፣ ሕንፃ አሥራ አራት ውስጥ የሚኖሩ ሴቶች ግን ነገሩን ሁሉም ያውቁታል፣ አንዷም አትስቅም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በሁለት ሺህ ሰባ አራት ዓመተ ምሕረት አንዲት ሴት በወለደች በሦስተኛው ሰዓት ግራ እጇ ላይ ስስ ግራጫ አምባር ይጠለቅላታል፤ ዓመት እስኪሞላት አይወልቅም። ለገላ መታጠቢያ በቀን አሥር ደቂቃ ይፈታል፣ ከዚያ ሞቅ ያለ እጅ ካላገኘ ይጮኻል። አምባሩ የልብ ምት ይቆጥራል፣ ላብ ይቀምሳል፣ በቆዳ በኩል ደም ያነባል፤ ሕፃኑ በቀን ስንት ሰዓት ደረት ላይ እንደዋለም ያውቃል። አረንጓዴ ከሆነ ሁሉም ደኅና ነው። ቢጫ ከሆነ ከጤና ጣቢያ ስልክ ይደወላል። ሰባት ቀን በተከታታይ ቢጫ ከሆነ ሹፌር የሌላት ነጭ መኪና በር ላይ ትቆምና፣ እናቲቱ እስክትረጋጋ በሚል፣ ሕፃኑን ወደ ማቆያ ትወስደዋለች። ቀይ ከሆነ ግን ሰባት ቀን አይጠበቅም። የአራተኛ ፎቋ የምንትዋብ ልጅ ማቆያ አሥራ አንድ ወር ቆይታ ነው የተመለሰችው። እናቷ ልትቀበላት እጇን ስትዘረጋ ልጅቷ የባዕድ ሰው ያየች ያህል ጮኸች። ያንን ጩኸት ሕንፃው በሙሉ ሰምቶታል፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ቢጫ የሚባል ቀለም በዚያ ሕንፃ ልብስ ላይ እንኳ አይወደድም።

ድሮ አራስ ጠያቂ ቅቤና ገንፎ ይዛ ነበር አሉ የምትመጣው። የዛሬዋ ጠያቂ የምትይዘው እጇን ነው። "እስቲ አምባሩን ልያዝልሽ፣ አንቺ ትንሽ አረፍ በይ" ትላለች። መጀመሪያ ለአንድ ከሰዓት ነበር፤ እያደር ለሳምንት ሆነ፤ በኋላ ሕንፃው የማን እጅ ደኅና እንደሚነበብ ለየ። ትርንጎ ሃምሳ አራት ዓመቷ ነው። የክር ፋብሪካው ያለ ሰው መሥራት ሲጀምር ከሥራ ወጣች፣ ባሏ ከሞተ ቆይቷል፣ ልጅም አልሆነላትም። ግን ምን ዓይነት ደም ነው የሰጣት! ተናዳም አረንጓዴ፣ አዝናም አረንጓዴ፣ ጉንፋን ጥሏት እንኳ አረንጓዴ። ነፍሰ ጡር ሲመርቁ "ማርያም ትቅረብሽ፣ የትርንጎ እጅ ይድረስልሽ" እስከማለት ደርሰዋል።

እሷም ሥራውን አልጠላችውም። አምባሩ ሕፃኑን ይፈልጋልና አምባሩን የያዘች ሕፃኑንም መያዝ አለባት፤ በቀን አራት ሰዓት፣ ደረት ለደረት። በዚህ ዓይነት በስምንት ዓመት ውስጥ ስድስት ሕፃናት አቅፋ፣ አስገስታ፣ አስቃ፣ ለየእናቶቻቸው መልሳለች። ጠዋት ጠዋት አምባሩ በለሰለሰ የሴት ድምፅ "እንደምን አደርሽ፣ ዘቢደር?" ይላታል። በሌላው ዓመት "እንደምን አደርሽ፣ ሰብለ?" ይላታል። ሁለቴ ጫን ታደርገዋለች፤ ደኅና አደርኩ ማለት ነው።

ሰባተኛዋ ጦይባ ነበረች። ከትርንጎ ጋር በአንድ ግድግዳ የሚለያዩ ጎረቤት ናቸው። ሃያ ሰባት ዓመቷ ነው፤ ባሏ እድሪስ ወደ ወደብ የሚወርደውን ባቡር ሐዲድ ሲጠግን በረሃ እየከረመ በወር አንዴ ብቅ ይላል። የመጀመሪያ ልጇን ረውዳን በወለደች በሁለተኛ ወሯ፣ አንድ ቀን ከቀትር በኋላ የትርንጎን በር አንኳኳች። ላቧ በጉንጯ ይወርዳል፤ ልጅ የያዘው እጇ ይንቀጠቀጣል።

"እትዬ፣ ቢጫ ሆነብኝ።"

"ስንተኛ ቀንሽ ነው?"

"ዛሬ አራተኛዬ። ልቤ ዝም ብሎ ይሮጣል። ብቀመጥ ይሮጣል፣ ብተኛ ይሮጣል። እበላለሁ እኮ፤ ግን ይኸው ክሳቴን ይዩት። ትናንት ረውዳ ስታለቅስ ጮህኩባት፣ እትዬ። በሁለት ወር ልጅ ላይ!"

"ስልክ ደወሉ?"

"ደወሉ። ደምሽን እንይ፣ ነገ ጠዋት ነይ ብለውኛል።"

"አትሄጂም!" አለች ትርንጎ። "ምንትዋብንም ነገ ነይ ነው ያሏት። ሄደች፤ ከዚያ የሆነውን ሰምተሻል። በይ ግቢ፣ ታጠቢ።"

ጦይባ ታጠበች። አምባሩ ውኃ ሲነካው ተፈታ፤ ትርንጎ ከእጇ ተቀብላ በራሷ ግራ እጅ አጠለቀችው። ቢጫው ትንሽ አመነታ፤ ከዚያ አረንጓዴ ሆነ። ጦይባ ፀጉሯ ውኃ እያንጠባጠበ የትርንጎን እጅ ስማ አለቀሰች። "ተይ እንጂ፣ ምን ሆንሽ! ጎረቤት ለመቼ ነው?" አለቻት ትርንጎ፣ ልጅቷን እየተቀበለች። በማግሥቱ ተደወለ። ተሻሽለሻል፣ የደም ምርመራው አያስፈልግም አሉ።

በሦስተኛው ወር ማለቂያ ላይ የጦይባ ልብ መሮጡን ተወ፤ እጇም ጸና። ሁለቱም ደስ አላቸው። "አየሽ፣ ጭንቀት ነው እንጂ ሌላ ምንም አልነበረም" አለች ትርንጎ። አምባሩ መመለስ የነበረበት ያኔ ነው። ግን ጦይባ ፈራች፤ ትርንጎም አላስታወሰቻትም።

ከአራተኛው ወር ጀምሮ ጦይባን ይበርዳት ጀመር። ኮምቦልቻ ላይ በዚያ ሰሞን እኩለ ቀን የሚወጣ ሰው የለም፤ ከጣራ ጣራ የተወጠረው የፀሐይ መከለያ እንኳ ይግላል፤ ገበያው የሚቆመው ጎሕ ሳይቀድ ነው። ጦይባ በዚያ ሙቀት ሁለት ጋቢ ደርባ ግድግዳ ተደግፋ ትቀመጣለች። ድምፅዋ ሻከረ፣ ንግግሯ ተንቀረፈፈ። ፊቷ አበጥ አበጥ አለ። ሊጠይቋት የሚመጡት ሴቶች ይህን አይተው ምን ቢሉ ጥሩ ነው? "እሰይ፣ አራስነት ተስማማሽ! ወዝሽ ተመለሰ" አሏት። እሷም "አልሐምዱሊላህ" ትላለች፣ ሌላ የምትለው ስለጠፋት።

ትርንጎ ግን በየቀኑ ነው የምታያት። ማበጠሪያው ላይ የሚቀረውን ፀጉር ጠቅልላ የምትጥለው እሷ ነች። "የአራስ ብርድ ነው" ብላ አብሽ አፈላችላት፤ እግሯን በቅቤ አሸችላት። ቆዳዋ እንደ ደረቀ እንጨት ልጣጭ ይሻክራል። ወተቷ እየቀነሰ ሄዶ ደረቀ። ጡጦውን የምታጠባው ትርንጎ ሆነች፤ የምታጥባትም፣ የምታስተኛትም። ረውዳ በአምስተኛ ወሯ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅ አውጥታ የሳቀችው ትርንጎ ጭን ላይ ነው። ትርንጎ ልጅቷን ይዛ ወደ ጦይባ ሮጠች።

"ሳቀች! ጦይባ፣ ሰማሽ? ሳቀችልሽ እኮ!"

ጦይባ ልጅቷን አየቻት። ለረጅም ጊዜ አየቻት።

"እትዬ" አለች ቀስ ብላ፣ "ይህን ለማንም አይንገሩብኝ። ሳያት ምንም አይሰማኝም። አልጠላትም። ግን የሰው ልጅ ትመስለኛለች። እናቷ እስክትመጣ የምጠብቃት የሰው ልጅ።"

"ድካም ነው። ያልፋል።"

"አምባሬን ይመልሱልኝ" አለች ጦይባ። "ጤና ጣቢያ ያሉት ይዩኝ። የፈለገው ይሁን፣ ይዩኝ።"

ትርንጎ ያን ጊዜ የመለሰችውን ቃል በኋላ አልጋዋ ላይ ሆና ስንት ጊዜ ደገመችው! "ቀይ ነው የሚሆንብሽ፣ የኔ ልጅ። በማግሥቱ ይወስዱብሻል።" ይህ እውነት ነበር። ግን እውነቱ እሱ ብቻ አልነበረም። ረውዳ አንገቷ ሥር ተሸጉጣ ትንፋሿን እያሞቀችላት ነበር፤ ትርንጎ ደግሞ ደስ ብሏት ነበር። በዕድሜዋ ሙሉ እንደዚያ ደስ ብሏት አያውቅም። ጦይባም አልተከራከረችም፤ ለመከራከር የሚሆን ጉልበት አልነበራትም። ጋቢዋን ሳብ አድርጋ ዓይኗን ጨፈነች።

በስድስተኛው ወር፣ አንድ ማክሰኞ ስድስት ሰዓት ላይ፣ ትርንጎ ረውዳን ታቅፋ ብትገባ ጦይባ ወለሉ ላይ ተጋድማለች። ዓይኗ ተገልጧል፣ ግን አያይም። ከንፈሯ ጠቁሯል። ትቃዣለች፤ እጇን በዝግታ ታወራጫለች። ትርንጎ ግንባሯን ስትነካት በዚያ ቃጠሎ መሐል በረዶ ሆነባት። እንግዲህ ሰው እንዲህ ሲያይ ይጮኻል። ትርንጎ ግን አልጮኸችም፤ መጀመሪያ ቧንቧ ከፍታ እጇን አረጠበች፣ አምባሩን ፈታች፣ ጦይባ እጅ ላይ አጠለቀችው። ስምንት ዓመት የለመደ እጅ ነው። አምባሩ ወዲያው ቀይ ሆነ። ያኔ ነው "ኡ ኡ! የሰው ያለህ!" ያለችው።

ጎረቤት ተጠራርቶ በጋቢ ተሸክሞ ወደ ጤና ጣቢያው አወረዳት። ጤና ጣቢያው ውስጥ ሠላሳ አልጋ፣ አንዲት ነርስና የምትናገር ግድግዳ አለ። ነርሷ ሲስተር ብርቄ ትባላለች፤ አርባ ያልሞላት፣ ዓይኗ ሥር የጠቆረ ሴት ናት። ጦይባን አስተኝታ እጇን ከነአምባሩ ወደ ግድግዳው አስጠጋችው።

ግድግዳዋ አምባሩ ጠዋት ጠዋት ትርንጎን በሚጠራበት በዚያው ድምፅ አነበበች። "ጦይባ፣ የስድስት ወር አራስ። የአራት ወር መዝገብ፣ እጅግ ጤናማ። ልብ፣ ጤናማ። ታይሮይድ፣ ጤናማ። ከልጅ ጋር ያላት ቅርበት፣ እጅግ ጥሩ። የዛሬው ለውጥ ድንገተኛ ነው። ግምት፣ ራሷን ለመጉዳት አንድ ነገር ወስዳለች። ትእዛዝ፣ የማረጋጊያ መርፌ፤ ከዚያ የአእምሮ ሕሙማን ወደሚቆዩበት ጽሞና ቤት።" ግድግዳው ላይ ትንሽ መስኮት ተከፈተና የተሞላ መርፌ ወጣ።

"ምንም አልወሰደችም!" አለች ትርንጎ። "በርዷት ነው። ሁለት ወር ሙሉ በርዷት ነው!"

ሲስተር ብርቄ የጦይባን ፊት፣ ቅንድብ፣ ቆዳ ዳሰሰች። ከዚያ ጉሮሮዋ ላይ ሁለት ጣቷን አሳረፈች። "እኔም ስትገባ ይህቺ መስላኝ ነበር። ታይሮይድ፣ እዚህ ያለችው ዕጢ።"

"እንቅርት? አንገቷ ላይ እኮ ምንም የለም።"

"ሳያብጥም ይሆናል፣ እናቴ። ከወሊድ በኋላ አንዳንዷ ላይ ዕጢዋ ትታወካለች። መጀመሪያ ልብ ታስሮጣለች፣ ላብ ታመጣለች፣ ታንቀጠቅጣለች። ከወራት በኋላ ትደክማለች፤ ያን ጊዜ ሰውነት ይበርዳል፣ ሐሳብ ይዘገያል፣ ሰው ሁሉ የሚያየው ድብርቱን ብቻ ነው። የወለዱት ልጅ እንኳ ባዕድ ይሆናል።" ሲስተር ብርቄ እጇን አነሳች። "የሷ ግን ንጹሕ ነው። በየሰዓቱ ተነቧል፣ ይኸው።"

ትርንጎ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። "ደሟን ቀድተሽ እዪው። አፈር ስሆንልሽ፣ አንዴ ብቻ እዪው።"

"ግድግዳዋ ካልፈቀደች የምርመራ መሣሪያው አይከፈትልኝም። ምን ብዬ ላስፈቅድ? ከዚህች ልጅ የተሻለ ደም በከተማው የለም። ጤናማ አራስ ምን እንደምትመስል ግድግዳዋ የተማረችው ከማን መሰለዎት? ከናንተው ሕንፃ ነው። እዚያ ቤት በስምንት ዓመት ውስጥ የወለዱ ጥቂት ሴቶች ልክ እንደ መንትዮች አንድ ዓይነት ደም አላቸው፤ አንዴ ቢጫ ብለው አያውቁም። የኮምቦልቻ አራስ ሁሉ የሚለካው በነሱ ነው። እንደነሱ መሆን ስላቃተው ነው መሰለኝ፣ ቢጫው በየዓመቱ የሚበዛው።"

ትርንጎ ያኔ ገባት። የከተማዋ ጤናማ እናት እሷ ነበረች። ወልዳ የማታውቅ፣ ሌሊት ተነስታ ያላጠባች፣ ደም ያልፈሰሳት የሃምሳ አራት ዓመት ሴት። ስንቷ ምንትዋብ ከሷ ጋር ተለክታ ልጇን ተነጥቃ ይሆን?

ሲስተር ብርቄ መርፌውን አነሳች።

"ያ ደም የሷ አይደለም" አለች ትርንጎ በለሆሳስ። "የኔ ነው።"

ሲስተር ብርቄ እጇ ቆመ። ወደ ግድግዳው አየች፤ ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "እናቴ፣ አሁን ያሉትን እኔ አልሰማሁም። ግድግዳዋም በለሆሳስ የተባለ አትሰማም። ጮክ ብለው ከደገሙት ግን ይመዘገባል። መዝገቧ በሙሉ ይሰረዛል፤ መዝገብ የሌላት እናት ደግሞ ልጅ ቤቷ አይቀመጥም። ያቺን ልጅ ዛሬውኑ ይወስዷታል። እርስዎም ይጠየቃሉ።"

"መርፌውንስ ብትወጊያት?"

"ዕጢዋ ከሆነ በዚህ ላይ ማረጋጊያ ቢጨመር ትተኛለች። አትነቃም ይሆናል።" ሲስተር ብርቄ ዓይኗን ሰበረች። "ትእዛዙን እንቢ ካልኩ ደግሞ በሩ ይከፈትና ሌላ ሰው ይገባል።"

ረውዳ የትርንጎን የአንገት ጥለት በጡጫዋ ጨብጣ ትጫወታለች። ትርንጎ የልጅቷን አናት ሳመች፤ የጡት ሽታ ሳይሆን የራሷ ሳሙና ሸተታት። ከዚያ ተነስታ ግድግዳው ሥር ሄደች፤ መስማት ለከበደው ሰው እንደሚናገሩት ጮክ ብላ ተናገረች።

"እኔ ትርንጎ ነኝ። አራት ወር ሙሉ የጦይባን አምባር ያሰርኩት እኔ ነኝ። ደሙ የኔ ነው። አሁን የሷን ቅጂና እዪ!"

ግድግዳዋ "ተመዝግቧል" አለች። ከዚያ ሌላ መስኮት ተከፈተና የምርመራ መሣሪያው ወጣ።

አንድ ጠብታ በቂ ነበር። ሲስተር ብርቄ ቁጥሩን ስታይ "ውይ እናቴ" ብላ ሮጠች፤ የዕጢውን መድኃኒት በደም ሥሯ ሰጠቻት፣ በብርድ ልብስ ጠቀለለቻት። ሥራዋ ጋብ ሲልላት ትርንጎ ጠየቀቻት። "በሁለተኛ ወሯ ደሟን እንይ ብለዋት ነበር። ብትመጣ ኖሮ ምን ታደርጓት ነበር?"

"ይህችኑ ጠብታ ደም እንወስድ ነበር። ከዚያ እየተከታተልን፣ ዕጢዋ ስትደክም በቀን አንዲት ክኒን።"

"ልጇንስ?"

ሲስተር ብርቄ ጎንበስ ብላ የጦይባን ብርድ ልብስ አስተካከለች።

ነጭዋ መኪና የመጣችው አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው። ጓንት ያደረገች ወጣት ሴት ወረደች፤ ጨዋ ነበረች፣ "ይቅርታ" አለች። የረውዳን ጡጫ ከትርንጎ ጥለት ላይ ለማስለቀቅ ጣት በጣት መፍታት ነበረባቸው። በሦስተኛው ቀን እድሪስ ከበረሃ መጣ። ትርንጎን አልሰደባትም። "ትድናለች?" ብሎ ጠየቃት፤ "ትድናለች" አለችው፤ ከዚያ ሄዶ የማቆያው አጥር ሥር ተቀመጠ። ሕንፃው ግን ሰላምታ ነሳት። አንዳንዷ ስታገኛት ልጇን ወደ ጎኗ ታስጠጋለች። ትርንጎም አልተቀየመቻቸውም። ጉዳይዋ እስኪታይ ድረስ ዓመት ካልሞላው ሕፃን ሃምሳ እርምጃ እንድትርቅ ተወስኖባታል፤ ሕሙማን ክፍል መግባት ግን አልተከለከለችምና ጠዋት እየሄደች ከጦይባ ጋር ትውላለች።

በመጀመሪያው ሳምንት ጦይባ ተኝታ ከረመች። በሁለተኛው እህል ቀመሰች። "ረውዳስ?" ሳትል ሰነበተች፤ ትርንጎም አልነገረቻትም። አዲስ አምባር አስረውላታል፤ ይኼኛው ያለ ሲስተር ብርቄ ጣት አይፈታም። አረንጓዴ የሆነበት ቀን ብቻ ይቆጠራል። ዘጠና ሲሞላ ልጅቷ ትመለሳለች። እስካሁን አራት ቀን ተቆጥሮላታል።

በሃያ ሦስተኛው ቀን ጠዋት ትርንጎ ስትገባ ጦይባ ጋቢውን ወርውራ፣ አልጋዋ ላይ ቁጭ ብላ ጠበቀቻት። ፊቷ ጎድሏል። ዓይኗ ንጹሕ ነው።

"እትዬ፣ ሞቀኝ!" አለች፣ በቀድሞው ድምፅዋ። "በአላህ፣ ይዳስሱኝ፤ ሞቀኝ እኮ!"

"እልል!" አለች ትርንጎ፣ እንባዋ ቀደማት። "እልል፣ የኔ ልጅ!"

"ምን እንዳለምኩ ያውቃሉ? ረውዳ ስትስቅ። ያኔ ይዘዋት እየሮጡ ሲመጡ። ያን ጊዜ ያልሰማሁትን አሁን ሰማሁት።" ጦይባ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። ሳቅም ለቅሶም እየተናነቃት ነበር። "ናፈቀችኝ፣ እትዬ። ከወለድኳት ጀምሮ እንዲህ ናፍቃኝ አታውቅም። ልጄ ናት እኮ! የት አደረጓት? ቤት ማን ጋ ትተዋት መጡ? ያምጡልኝ፣ ልቀፋት።"

ትርንጎ አልጋው ላይ ተቀመጠች፤ ሁለቱን እጆቿን ያዘቻት። ምንም ሳትደብቅ ነገረቻት። መርፌውን፣ ግድግዳውን፣ ነጭዋን መኪና። አምባሬን ይመልሱልኝ ባለቻት ቀን ለምን እንዳልመለሰችላትም ነገረቻት፤ ፈርታ ብቻ እንዳልነበረ፣ ልጅቷን ወድዳት እንደነበር። ጦይባ እጇን ከእጇ አወጣች። ከንፈሯ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ የአምባሩ አረንጓዴ ጠርዝ ጠርዙን ገረጣ።

"አታልቅሺ" አለቻት ትርንጎ፣ እሷው እያለቀሰች። "ስለ ፈጣሪ፣ አታልቅሺ። ያለቀስሽበት ቀን አይቆጠርልሽም።"

ጦይባ ትንፋሿን ዋጠች። የጋቢውን ጠርዝ ነከሰች። ዓይኗን ኮርኒሱ ላይ ተክላ ቀስ እያለች አየር ሳበች፤ እንደገና ሳበች፤ አረንጓዴው ትንሽ ትንሽ እያለ ተመለሰ።

"ስንት ቀረኝ?" አለች፣ ትርንጎን ሳታይ።

"ሰማንያ ስድስት።"

ጦይባ አላለቀሰችም። ወተቷ ግን መጥቶ ነበር፤ ቀሚሷን በሁለቱም በኩል አርሶ ወደ ታች ይወርድ ጀመር። ትርንጎ ፎጣ ልታመጣላት ተነሳች።